ሳይንስንና ሒሳብን በኅብረተሰብ አገልግሎት ግንባታ ስለ ማስተማር
(በዳባት፣ በደባርቅና በቡይት ራስ አካባቢ ላሉ ትምህርት ቤቶች የቀረበ)

፩. መግቢያ

በገጠር ትምህርት ቤቶቻችን ግቢ ዘወትር የሚታይ አንድ ነገር አለ። አዲስ ክፍል ወይም አጥር ሊሠራ ሲታሰብ ወላጆች ድንጋይና እንጨት ያዋጣሉ፤ ተማሪዎች አሸዋና ውኃ ያቀርባሉ፤ ግንበኛው ይገነባል፤ መምህሩም ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ትምህርቱን ያቋርጣል። ቤቱ ሲጠናቀቅ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ያተርፋል፤ ተማሪው ግን ድንጋይ ከመሸከም በቀር የተማረው ነገር አይገኝም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ተማሪ ስለ ይዘት፣ ስለ ግፊትና ስለ ሦስት ማዕዘን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይማራል። የሚማረው ነገር ትናንት በእጁ ያለፈው መሆኑን የሚያስገነዝበው ግን የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ኪሣራ እንዴት ሊወገድ እንደሚችል ማመልከት ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ሲገለጥ፣ ለኅብረተሰቡ ጥቅም የሚደረግ ግንባታ ትምህርት ሊባል የሚችለው ልኬቱና ስሌቱ ከድንጋዩ ሲቀድም፣ ጥበቃውና እድሳቱም ከምረቃው በኋላ በተማሪው እጅ ሲቀር ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሥራው የጉልበት ሥራ ብቻ ይሆናል። ለዚህም ማስረጃ የሚሆኑ ሁለት ሥራዎች፣ ይኸውም የእርከን ካብና የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ካለው የአካባቢ ሁኔታ ጋር ተያይዘው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

፪. ያለፈው ልምድ ምን ያስተምራል?

ትምህርትን ከአገልግሎት ጋር ማያያዝ ለአገራችን አዲስ አሳብ አይደለም። በዚሁ አካባቢ የሚጠቀስ ቀደምት ምሳሌ አለ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ፣ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ተማሪው ምንጭ ሲያጎለብት ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ስለ ጤና አጠባበቅ የተማረውን በሥራ ይፈትን ነበር። በዚያ ሥልጠና ሥራውና ትምህርቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ አደረገ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተው ከማስተማሩ ጎን ለጎን ልዩ ልዩ የግንባታ ሥራ ሠርተዋል። ቀጥሎም ትምህርትን ከምርት ጋር ለማዋሐድ የታሰበው የፖሊቴክኒክ ትምህርት በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተሞክሯል። የእነዚህ ጥረቶች ፖለቲካዊ መነሻ የተለያየ ቢሆንም በሥርዓተ ትምህርት ዓይን ሲታዩ የሚያስነሡት ጥያቄ አንድ ነው። ተማሪው የሠራው ሥራ በክፍል ውስጥ ከሚማረው የትኛው ምዕራፍ ጋር ተያይዟል? ግንባታው የክፍሉን ትምህርት አስቁሞ የሚካሄድ ከሆነ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይገኝም። ግንባታው ራሱ ክፍሉ ሲሆን ግን መልሱ በየደብተሩ ላይ ይጻፋል።

ይህ ችግር በሌሎችም አገሮች ታይቷል። የታንዛኒያው ፕሬዚደንት ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 ትምህርት ለራስ መቻል የተሰኘውን መመሪያቸውን ሲያወጡ፣ የትምህርት ቤት እርሻ የትምህርቱ አካል እንዲሆን አጥብቀው አሳስበው ነበር፤ ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ እርሻው ከትምህርቱ ተነጥሎ ተራ የጉልበት ሥራ ሆኖ ቀረ። በተቃራኒው በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በተባለው መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መልካም አብነት ነው። የመንደሩ ተወላጅ የሆነው አርክቴክት ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ነዋሪዎቹን አስተባብሮ በአካባቢው ሸክላ አፈር በተሠራ ጡብ ሕንጻውን ሲያሠራ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ከፍ ብሎ ነፋስ በመካከል እንዲያልፍ አደረገ። ነዋሪዎቹ ሙያውን ስለ ቀሰሙ በዚያው መንደር ሌሎች ሕንጻዎችን ሠርተዋል። ከሕንጻው ይልቅ የሚበልጠው ትርፍ ይህ ነው።

፫. የአካባቢው ሁኔታ

ዳባት ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቡይት ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያም አልፎ ምድሩ እስከ ራስ ደጀን፣ 4,533 ሜትር ድረስ ይወጣል። ተራሮቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተገኙ ስለሆኑ ጥቁር ድንጋይ በየቦታው ሞልቷል። እንጨት ግን እየጠፋ ሄዷል። አስታው፣ ወይራውና ጥዱ ተመናምነው የግንባታው ሸክም በባሕር ዛፍ ላይ ወድቋል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ከ1967 እስከ 1969 ዓ.ም. በፓርኩ ኃላፊነት ያገለገለው ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የአካባቢውን የአፈር መከላት በሰፊው አጥንቷል። ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች የተገኘው ዋና ትምህርት በተዳፋቱ ላይ የሚታረሰው መሬት አፈሩን የሚያጣው ከተፈጥሮ የማደስ ኃይሉ በላቀ ፍጥነት መሆኑ ነው።

ይህ ለተማሪው ሩቅ ነገር አይደለም። መምህሩ የሚከተለውን ስሌት በክፍል ውስጥ ሊያሠራ ይችላል። ከአንድ ሔክታር፣ ማለት ከ10,000 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1.2 ቶን ቢታሰብ የጠፋው 12 ቶን ነው። ዓይን የማያየው ቅጠል የሚያህል ውፍረት፣ 120 ኩንታል አፈር ሆኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። ተማሪው ይህን በራሱ እጅ ካሰላ በኋላ እርከን ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት አስቸጋሪ አይሆንም።

፬. የመጀመሪያው ሥራ፦ የእርከን ካብ

በትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም በአቅራቢያው ባለ የወል መሬት ላይ ካብ ለመካብ ድንጋይ ከመልቀም በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛው የመሬቱ ተዳፋት ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ከፍታ ላይ የሚሄደው መስመር ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨቶች በጫፋቸው ታስረው እግራቸው ይከፈታል፤ በመካከላቸው አንድ አግዳሚ ይታሰራል፤ ከጫፉም ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እንደ ቱንቢ ይንጠለጠላል። መሣሪያው እግሩ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን መሆኑን ተማሪዎች ወዲያው ያውቁታል። አስቸጋሪው ጥያቄ ግን በአግዳሚው ላይ ትክክለኛው የልክ ምልክት የት እንደሚሆን ነው። መልሱን መምህሩ አስቀድሞ ባይናገር ይመረጣል። መሣሪያው በሁለት ችካሎች ላይ ይቆምና ገመዱ ያረፈበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ ቀጥሎ እግሮቹ ቦታ ተለዋውጠው በነዚያው ችካሎች ላይ ይቆምና ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች መካከል ትክክለኛው ልክ ነው። ስሕተቱ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ግራ ስለሚሄድ በመካከሉ ይጠፋል። ይህንን በራሳቸው የደረሱበት ተማሪዎች ስለ መለኪያ መሣሪያ ስሕተትና ስለ እርማቱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተምረዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ተዳፋቱ ይለካል። በ10 ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ መሬቱ 1.5 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው። በአንዱ ካብና በሚቀጥለው መካከል የ1 ሜትር ከፍታ ልዩነት እንዲኖር ቢወሰን በመካከላቸው ያለው አግድም ርቀት 6.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ተዳፋቱ 30 በመቶ ሲሆን ግን ርቀቱ ወደ 3.3 ሜትር ይወርዳል።

እዚህ ላይ የገበሬው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ካብ መሬት ይበላል የሚል አቤቱታ በየቦታው ይሰማል፤ አቤቱታውም እውነትነት አለው። እያንዳንዱ ካብ ከነዳርቻው 1 ሜትር ስፋት ቢይዝ በመጀመሪያው መሬት ላይ 15 በመቶ፣ በሁለተኛው ላይ 30 በመቶ የሚሆነው መሬት ከእርሻ ይወጣል። ተማሪዎች ይህንን ከላይ ከተሰላው የአፈር ኪሣራ ጋር አስተያይተው፣ በካቡ ጫፍ ላይ የከብት መኖ ቢተከል ምን ያህሉ ሊካስ እንደሚችል ከወላጆቻቸው ጋር ሊወያዩ ይገባል። ትምህርቱ የተሟላ የሚሆነው ገበሬው መልስ የሚጠብቅበት እውነተኛ ጥያቄ ሲኖርበት ነው። ሁሉም አስቀድሞ የተስማማበት መፈክር ማስተማሪያ አይሆንም።

፭. ሁለተኛው ሥራ፦ የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ

በአብዛኛው ውኃ ቀድተው ወደ ቤትም ሆነ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመጡት ሴቶች ልጆች ናቸው። በዚህ ምክንያት የትምህርት ቤት ውኃ ጉዳይ የትምህርት እኩልነት ጉዳይም ነው።

ስሌቱ የሚጀምረው ከቀላል እውነት ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ይሰጣል። ጣሪያው ከላይ ወደ ታች ሲታይ 60 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የቆርቆሮ ክፍል ቢሆንና 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,500 ሊትር ይወርዳል፤ ከዚህ ውስጥ በመርጨትና በመፍሰስ የሚባክነው ተቀንሶ 80 በመቶው በአሸንዳው ቢያዝ 1,200 ሊትር ይገኛል። ዝናቡን ለመለካት አፉና ወገቡ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ቆርቆሮና ማስመሪያ ይበቃል።

ማጠራቀሚያው ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.6 ሜትር የሆነ ክብ ቢሆን 5,000 ሊትር ያህል ይይዛል። 400 ተማሪዎች ላሉበት ትምህርት ቤት በቀን ለእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር የእጅ መታጠቢያ ቢታሰብ የቀኑ ፍጆታ 200 ሊትር ነው። ስለዚህ ሙሉው ማጠራቀሚያ የሚያገለግለው ለ25 የትምህርት ቀናት ብቻ ነው። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ደግሞ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ነው። በመስከረም የሞላው ማጠራቀሚያ በጥቅምት አጋማሽ ባዶ ይሆናል።

ብዙ ማጠራቀሚያዎች ከተመረቁ በኋላ የሚተዉት ይህ ስሌት አስቀድሞ ስላልተሠራ ነው። ሲሠራ ግን ክፍሉ በሦስት አሳቦች ላይ ይከራከራል። ማጠራቀሚያው ይስፋ? የሌሎቹም ክፍሎች ጣሪያ በአሸንዳ ይያያዝ? ወይስ ውኃው ለእጅ መታጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ? የእያንዳንዱ አሳብ ወጪ በብር፣ በሲሚንቶና በሥራ ቀን ተተምኖ በሰንጠረዥ ይቀርባል። የወላጅና መምህር ኅብረቱ የሚወስነው በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ ከሆነ ተማሪዎቹ ምሕንድስና ምን እንደሆነ ተረድተዋል። ምሕንድስና ባለው አቅም ውስጥ በምክንያት መምረጥ ነውና።

ግንባታው ሲጀመር እያንዳንዱ ደረጃ የየራሱን ትምህርት ይዞ ይመጣል። ማጠራቀሚያው የሚቆምበት አራት ማዕዘን መሠረት ሲቀየስ በ12 እኩል ክፍል ቋጠሮ የታሰረ ገመድ በ3፣ በ4 እና በ5 ክፍል ተወጥሮ ቀጥተኛ ማዕዘን ይሰጣል። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ውኃው በወለሉ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,600 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል፤ ይህ ግፊት ከላይ ወደ ታች እየጨመረ ስለሚሄድ በግድግዳው ውስጥ የሚጠመጠመው ሽቦ ወደ ግርጌው መቀራረብ ያለበት ምክንያት ይገለጣል። አሸዋው በጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር ተንጦ ሲቀመጥ በላዩ የሚረጋው ጭቃ ወፍራም ከሆነ መታጠብ እንዳለበት ይታወቃል።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ነው የሚለው አሳብ በሰፊው የተለመደ ስሕተት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውኃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውሕደት ነው። ለዚህ ማረጋገጫ ተማሪዎች በአንድ ልክ የተቀላቀሉ ሁለት አነስተኛ ቁራጮች ሠርተው አንዱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ሁለተኛውን በፀሐይ ትተው፣ በ28ኛው ቀን ጥንካሬያቸውን ሊያወዳድሩ ይችላሉ። በቡይት ራስ ከፍታ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበጋ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ገና ያልጠነከረ ሥራ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሲሰፋ ልስኑን ይሰነጥቀዋል፤ ስለሆነም ሥራው ማታ ማታ በገለባ ተሸፍኖ ማደር ይኖርበታል።

፮. ግንበኛው እንደ መምህር፤ የተማሪው ደኅንነት

በአካባቢው ያሉ ግንበኞች ያላቸው ዕውቀት በመጽሐፍ ካለው የሚያንስ አይደለም። ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታነጹት የጎንደር አብያተ መንግሥት በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድም በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሠራ ገደሉን የያዘው በድንጋይ ግንብ ነበር። ዛሬም አንድ ጥሩ ግንበኛ ረጅሙን ድንጋይ በግድግዳው ስፋት አስተኝቶ ሁለቱን ፊት ያያይዛል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ተማሪዎች ሊጠይቁት፣ መልሱንም ስለ ኃይልና ስለ ሚዛን ከተማሩት ጋር ሊያገናኙት ይገባል። ለዚህም ግንበኛው በትምህርቱ ዕቅድ ውስጥ ስሙ ተጠቅሶ፣ ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት መጋበዝ አለበት።

የተማሪው ድርሻ ግን ገደብ ሊኖረው የግድ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ድንጋይ ማንሣት፣ ከፍታ ላይ መውጣት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መግባት የአዋቂዎች ሥራ ነው። ያልጠነከረ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ቀይ ሊትመስ ወረቀትን ወደ ሰማያዊ መለወጡን አስቀድሞ ያየ ተማሪ በባዶ እጁ አይነካውም። ደቦ፣ ወንፈልና ጅጌ ኅብረተሰቡ ለከባድ ሥራ ያበጃቸው ባህላዊ መረዳጃዎች ናቸው፤ ከባዱ ጉልበት ከእነርሱ ሊመጣ ይገባል። ተማሪ ለኅብረተሰቡ የሚያበረክተው አገልግሎት ከሁሉ በፊት ልኬቱ፣ ስሌቱና መዝገቡ ነው። ድንጋይና እንጨትም ከፓርኩ ክልል እንዳይወሰድ፣ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ተቆጥሮ በምትኩ ስንት ችግኝ እንደሚተከል በዚያው መዝገብ ይጻፋል።

፯. ምዘናና ቀጣይነት

እንዲህ ያለው ትምህርት የሚመዘነው በግንቡ ውበት ሊሆን አይገባውም። እያንዳንዱ ተማሪ የግንባታ መዝገብ ይኖረዋል፤ በዚህም ውስጥ ከሥራው በፊት የገመተው፣ በሥራው ጊዜ የለካው፣ በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነትና ምክንያቱ ይጻፋል። ግምቱ የተሳሳተበትን ምክንያት በሚገባ ያስረዳ ተማሪ፣ ግምቱ በአጋጣሚ ከገጠመለት ተማሪ የተሻለ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። የመጨረሻው ፈተና ሥራውን በአካባቢው ሽማግሌዎችና ወላጆች ፊት ማስረዳት ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ቀጣይነት ነው። ሥራውን ያስጀመረው መምህር በዝውውር ሲሄድ አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፤ ከዚያም በሚቀጥለው ክረምት ውኃው በግድግዳው ላይ ይፈሳል። ይህንን ለመከላከል ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። አንደኛ፣ መዝገቡ የመምህሩ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚያልፈው ክፍል ለሚገባው ክፍል ሥራውን እያስጎበኘ በፊርማ ያስረክብ። ሦስተኛ፣ ለግንባታው ከሚመደበው ገንዘብ የተወሰነው ለእድሳት አስቀድሞ ይለይ። ክፍሉ በየዓመቱ ስንጥቁን፣ የደለሉን መጠንና የውኃውን ልክ ከለካ፣ ጥገናው ራሱ የሳይንስ ትምህርት ይሆናል።

፰. ማጠቃለያ

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ለአገር በቀል ዕውቀትና ለተግባር ትምህርት ቦታ ሰጥቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ስለ ደረሰባቸውም የመልሶ ግንባታው ሥራ ሰፊ ነው። እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች በአንድ ጊዜ መገናኘታቸው የሚያስገኘው ዕድል ቀላል አይደለም። ግድግዳዎቹ የሚነሡት ልጆቹ ቆመው እያዩ ከሆነ አንድ ትውልድ ያንን ትምህርት ያጣዋል። በልጆቹ ልኬትና ስሌት ከተነሡ ግን አካባቢው ከክፍሎቹ ጋር ጠግኖ ሊያቆያቸው የሚችል ሰውንም ያገኛል።

መምህሩ በዚህ ረገድ ሊጀምረው የሚገባው ሥራ ሰፊ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት እንጨት፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ገመድና አንድ ድንጋይ ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ተማሪዎችን ወደ ተዳፋቱ ይዞ መውጣትና የመጀመሪያውን ችካል መትከል ነው።